ከልጆች ጋ «ዘ ግሬት ማውስ ዲቴክቲቭ»ን መልሶ ማየት፦ ወንጀለኛው ከመጀመሪያው ከታወቀ ምኑ ነው ምርመራው?

ወገን፣ አንድ ጥያቄ አለኝና ሐሳባችሁን ጣል ጣል አድርጉልኝ። ዲስኒ በፈረንጆቹ 1986 ያወጣው «ዘ ግሬት ማውስ ዲቴክቲቭ» የሚባል ካርቱን አለ፣ ለንደን ውስጥ ባዚል የሚባል አይጥ መርማሪ ሆኖ ፕሮፌሰር ራቲጋን የሚባለውን ቀንደኛ ወንበዴ የሚያሳድድበት፣ ኦሊቪያ የምትባል ትንሽ ልጅ ደሞ የተጠለፈ አባቴን ፈልግልኝ ብላ የምትመጣበት። ሰሞኑን ከልጆቼ ጋ ቁጭ ብለን መልሰን አየነውና (ትልቋ 9፣ ትንሹ 6) ከባለቤቴ ጋ ክርክር ገጠምን። እሷ ይሄ ምኑ ነው የምርመራ ፊልም ትላለች፣ ወንጀለኛው ገና ፊልሙ ሳይሞቅ ብቅ ብሎ በራሱ ተንኮል እየተኩራራ ይዘፍናል፣ ከዛ በኋላ ምን ቀረ? እኔ ግን እንደውም ለልጅ የሚሻለው እንዲህ ያለው ነው ባይ ነኝ። ልጅ ማን እንደሠራው ሲደበቅበት ዝም ብሎ ይገምታል፣ ያኛው ነው፣ አይ ይሄኛው ነው እያለ ይጠቁማል በቃ። እዚህ ፊልም ላይ ግን ሰው (አይጥ ማለቴ ነው) ሲያስብ ቁጭ ብሎ ያያል። ባዚል ዶክተር ዳውሰንን ገና ከማየቱ ከአፍጋኒስታን የተመለሰ የጦር ሐኪም መሆኑን ያወቀው ከየት አምጥቶ ነው? የተቀደደ እጅጌውን የሰፋበት አሰፋፍ የቀዶ ሐኪም ስለሆነ፣ ክሩም ከዛው አገር የመጣ ስለሆነ ነው። የኛ ቤቱ ትንሹ ይሄን ካየ ወዲህ ከሥራ ስገባ ጫማዬን ገልብጦ ሳያይ አያስገባኝም፣ ኬክ በልተህ መጥተሃል ብሎም ሸሚዜ ላይ ባገኘው ፍርፋሪ ይዞኛል።

እና ጥያቄዬ፣ የናንተ ልጆች እንዴት አዩት? ከስንት ዓመት ጀምሮ ይሆናል? በክርክሩስ ከማን ጋ ናችሁ?

(ተጨማሪ፦ መልሱ በዝቶ ስልክ ላይ ለማንበብ አስቸገረን ስላላችሁኝ እስካሁን የተባለውን በየቁጥሩ እኔው እዚህ ላይ ልንገራችሁ። የሰዉን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፣ ሐሳቡን ነው የያዝኩት፣ መሀል መሀል ላይ የራሴንም ጣል ማድረጌ አይቀርም።)

1ኛ ላይ የመጣችው ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈች እናት ናት፣ በጣም ትሁት። ፊልሙን ልጅ እያለች በቪዲዮ ካሴት እንዳየችው፣ አሁን ደሞ ለልጇ እንዳሳየቻት ነገረችን። ከ6 ዓመት በላይ ችግር የለውም፣ ግን የአሻንጉሊት ሱቁ ጋ ስትደርሱ ተጠንቀቁ ነው ምክሯ። የራቲጋን ተላላኪ የሆነው የሌሊት ወፉ ፊጀት የሕፃን ቆብ አጥልቆ ሕፃን አልጋ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ድንገት ብድግ የሚልበት ቦታ አለ፣ እዛ ላይ ልጇ ከሶፋው ዘላ እናቷ ላይ ነው የወጣችው። መብራት አብርታችሁ እዩት አለች።

2ኛ አጭር ነው፣ የኔ ልጅ እዛው ቦታ ላይ በሳቅ ነው የሞተው ይላል። ልጅ እንደ ልጁ ነው እንግዲህ።

3ኛ ከባለቤቴ ጎን ቆመ። በጨዋ ደንብ ነው የጻፈው፣ ግን አልለቀቀኝም። ምርመራ ማለት መጨረሻ ላይ ጭምብሉ ሲወልቅ ነው፣ ልጆች ስኩቢ ዱን የሚወዱት ለምን ይመስልሃል፣ ያቺን ደቂቃ ሲጠብቁ እኮ ነው ባይ ነው። ጭምብል የሌለው ፊልም ለሱ የማባረር ፊልም እንጂ የምርመራ አይደለም።

4ኛ ለኔ የዚህ ክር ምርጡ መልስ ነው፣ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። ጸሐፊዋ መጀመሪያ 3ኛውን አረመችው። ባዚል የተቀዳው ከሸርሎክ ሆምስ ነው፣ የሚኖረውም ሆምስ ቤት ሥር ነው፣ ቤከር ስትሪት፣ ካርቱኑ የተሠራበትን የልጆች መጽሐፍ ኢቭ ታይተስ ከ1958 ጀምሮ በተከታታይ ነው የጻፈችው፣ ፊልሙ ላይ ለአፍታ የምንሰማው የሆምስ ድምፅም በድሮ ፊልሞች ሆምስን ሆኖ የተወነው የቤዝል ራትቦን ነው፣ ከድሮ ቅጂ የተወሰደ፣ ምክንያቱም ሰውየው ከሞተ ወደ 20 ዓመት ሊሞላው ነበር። እና ሆምስ ራሱ ስንት ታሪክ ላይ ነው ጠላቱን ከመጀመሪያው የሚያውቀው? የቦሄሚያው ንጉሥ ፎቶ ማን ጋ እንዳለ ንጉሡ ራሱ መጥቶ ይነግረዋል፣ ጥያቄው እንዴት ይገኛል ነው። ቀንደኛ ጠላቱን ሞሪያርቲንም ሆምስ ስሙን ጠርቶ ነው ታሪኩን የሚጀምረው። ስለዚህ ባለቤትህ የጣለችው ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ግማሹን ሆምስ ነው አለች።

ቀጥላ ያለችው ግን ነው የገረመኝ። ፊልሙ ምስጢር የለውም ማለት ስህተት ነው፣ ምስጢሩ ለምን የሚለው ነው። ፊጀት ሱቁ ውስጥ ጥሎት የሄደው ወረቀት ላይ ያሉት አራት ነገሮች ናቸው፦ መሣሪያ፣ ማርሽ፣ ልጅቷ፣ የወታደር ልብስ። የአሻንጉሊት ሠሪ ከነልጁ፣ ማርሽ፣ የወታደር ልብስ፣ ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ለምን ይፈለጋል? እዛ ላይ ፖዝ አድርጋችሁ ልጆቹን ጠይቁ ነው የምትለው። እኔም ቅዳሜ ሞከርኩት፣ አንዴ ያዩት ቢሆንም የጎረቤት ልጆች ስለነበሩ አዲስ ሆነ። አንዷ ሮቦት ሊሠሩ ነው አለች፣ አንዱ ሰርግ ነው አለ፣ አንዱ ደሞ ልጅቷን ወታደር ሊያደርጓት ነው ብሎ ድርቅ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ፣ ማንም ሪሞት ስጠኝ አላለም። ከዛ ባዚል ያንን ወረቀት የሚመረምርበት ሲመጣ ሁሉም ጸጥ አሉ፦ ርካሽ መጠጥ ፈስሶበታል፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የፍሳሽ ቦይ ፋኖስ የከሰል ብናኝ አለበት፣ በኬሚካል ሲፈተን ደሞ ጨው። መጠጥ፣ ከሰል፣ ጨው፣ ሦስቱ አንድ ላይ የሚገኙት ቦዩ ከወንዙ ዳር የሚገናኝበት መጠጥ ቤት ብቻ ነው። ይሄ እኮ ለልጅ በደንብ የሚገባ ነገር ነው።

5ኛ መልስ የባለቤቴ ናት፣ አዎ፣ ገብታ ጻፈች። 4ኛዋን አመስግና፣ እንደውም ፍንጩ ከወረቀቱም በፊት ነው ያለው አለች፣ የኦሊቪያ አባት ለልደቷ የሠራላት የምትደንስ አሻንጉሊት ገና መጀመሪያው ትዕይንት ላይ አለች፣ ያቺን ያየ ሰው ራቲጋን በማርሽ የምትንቀሳቀስ የውሸት ንግሥት ሊያሠራው እንደሆነ መገመት ይችላል። እስከዚህ ድረስ ከኔ ጋ የቆመች መስሎኝ ነበር። ቀጥላ ግን ባዚልን አፈር አበላችው። ያን ሁሉ ከሰልና ጨው መርምሮ ሄዶ ምን አገኘ፣ ራቲጋን ወሮበሎቹን አሰልፎ እየጠበቀው፣ 15 ደቂቃ ዘገየህ፣ ኬሚስትሪህ አስቸገረህ እንዴ ብሎ ነው የሳቀበት። ጠላቱ አስቀድሞ ደቂቃውን ያሰላበት መርማሪ ምን ያስተምራል ትላለች። ቤት ውስጥ ይሄን አላለችኝም፣ ለናንተ አስቀምጣው ነበር ማለት ነው።

6ኛው ይሄን ሲያነብ አላስቻለውም። ፊልሙ ከፍ የሚለው እዛ ላይ ነው አለ። ባዚል በብልጠቱ የሚመጻደቅ ነው፣ የኦሊቪያን የአባቷን ስም እንኳን በትክክል መጥራት ያልቻለ፣ እና መናቁ ሲመጣበት ተሰበረ። የአይጥ ወጥመድ ላይ ታስሮ፣ ሸክላው እየዞረ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ሽጉጡም ቀስቱም መጥረቢያውም ከላይ ያለው ከባድ ብረትም ሊለቀቅ ነው፣ እሱ ግን ማሰቡን ትቶ ማልቀስ ነው የቀረው። ዳውሰን ነው ተቆጥቶ እንዲህ ከሆነማ ራሳችን አሁኑኑ እንልቀቀው ያለው፣ ከዛች የንዴት ቃል ባዚል መላውን አገኘ፣ ወጥመዱን ቀድሞ በማስነሳት አንዱ መሣሪያ ሌላውን እንዲያከሽፍ አደረገ። 6ኛው እንደሚለው ሒሳቡ የባዚል ነው፣ ሐሳቡ ግን የጓደኛው ነው፣ ልጆቹም ይሄን ሳይነገራቸው ያዩታል። ባለቤቴ ለዚህ ላይክ ብቻ አድርጋ አለፈች። እሷ ላይክ ካደረገች ብዙ ነው።

ከ7 እስከ 11 ያለው የቴክኒክና የገንዘብ ጉዳይ ነው፣ ፈጠን ልበል። 7ኛው አኒሜሽን የሚማር ልጅ ነው፣ የቢግ ቤን ሰዓት ውስጥ ያለው ድብድብ ላይ ማርሾቹ በኮምፒውተር እንደተሠሩ፣ ኮምፒውተሩ የመስመር ስዕሉን ወረቀት ላይ እያወጣ ከዛ በእጅ ተገልብጦ እንደተቀባ፣ ገጸ ባሕርያቱ ግን ሙሉ በሙሉ የእጅ ሥራ እንደሆኑ አስረዳን። ጥሩ ነው፣ ግን የዲስኒ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ነው ሲል 8ኛው ያዘው፣ በ1985 የወጣው «ዘ ብላክ ኮልድረን» ላይም ኮምፒውተር ነበረ አለው። 9ኛ ላይ ልጁ ተመልሶ ትንሽ እየተነጫነጨ፣ እኔ ያልኩት አንድ ሙሉ ትዕይንት በዚህ መልክ ሲሠራ ነው አለ። ልክ ነው፣ እንደዛ ብሎ ቢጀምር ኖሮ ጥል አይኖርም ነበር። 10ኛው ፊልሙ ከስሮ ነበር ብሎ ገባ፣ 11ኛዋ ደሞ አይደለም አለች፦ የከሰረው ያው «ብላክ ኮልድረን» ነው፣ 44 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት አሜሪካ ውስጥ ከ21 ሚሊዮን ብዙም አላለፈ፣ ይሄኛው ግን ወደ 14 ሚሊዮን ነው የወጣበት፣ አሜሪካ ብቻ ወደ 25 ሚሊዮን አስገባ። ይሄ ፊልም ባያዋጣ ስቱዲዮው ካርቱን መሥራቱን ይቀጥል ነበር ወይ ነው ጥያቄዋ። ከአራቱ ዳይሬክተሮች ሁለቱ፣ ሮን ክሌመንትስና ጆን መስከር፣ ከ3 ዓመት በኋላ «ዘ ሊትል መርሜድ»ን ሠሩ። ርዕሱ ከባዚል ስም ወደ አሁኑ ሲቀየርም ሠራተኞቹ ተናደው የድሮዎቹን የዲስኒ ፊልሞች ርዕስ በሙሉ በዛ ደረቅ ዓይነት የቀየረ የቀልድ ማስታወሻ አለቃቸው የጻፈው አስመስለው በትነው ነበር፣ አለቃው አልሳቀም ይባላል። ይሄን ያመጣችውም እሷው ናት።

12ኛ ላይ ነው ነገሩ የጋለው። አንድ አባት ገብቶ ሁላችሁም ማርሽ ትቆጥራላችሁ እንጂ ልጆቻችሁ ምን እያዩ እንደሆነ ልብ አላላችሁም አለ። ባዚል ፒፓ ያጨሳል፣ ራቲጋን ሲጋራ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ እየዘፈነች ልብሷን የምትጥል አይጥ አለች፣ ሰክሮ ራቲጋንን አይጠ መጎጥ ብሎ የጠራው ምስኪን ደሞ ለድመቷ ለፌሊሺያ ይሰጥና ትበላዋለች። ይሄን ለ6 ዓመት ልጅ ማሳየት ግድየለሽነት ነው አለ፣ ኬክ እየበላሁ የምመጣውን እኔንም በስም ሳይጠራ ወጋ አደረገኝ። 13ኛው ልጆች ስልክ ላይ ከዚህ የባሰ እያዩ ስለ አይጥ ፒፓ እንጨነቅ እንዴ አለ። 14ኛዋ ጭራሽ ወረደችበት፣ የሰው ቤት ውስጥ ገብቶ መፍረድ ከየት የመጣ ሥልጣን ነው፣ የራስህን ሪሞት ያዝ አለችው፣ ሌላም ብላለች እሱን ልተወው።

15ኛ ላይ ጋሽዬ መጡልን፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ እዚህ ገጽ ላይ የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ። ሁለቱንም በፍቅር ገሠጹና ፊልሙን ራሳቸው ከልጅ ልጃቸው ጋ አይተው እንደመጡ ነገሩን። መጠጡን ልብ ብላችሁ እዩት አሉ፣ ፊልሙ አያሞግሰውም። የሰከረው አንዲት ቃል አምልጣው ሕይወቱን አጣ፣ ዶክተር ዳውሰን መድኃኒት የተጨመረበትን ቢራ ጠጥቶ መድረክ ላይ ወጥቶ ተዋረደ። ፒፓው ላይ ግን 12ኛው አባት እውነት አለው፣ ባዚል ሲያጨስ ብልህ ነው የሚመስለው፣ እሱን ለልጅ ቁጭ ብሎ መንገር ነው። አባቴ ብለው ነው ደሞ የጠሩት። 16ኛ ላይ 12ኛው ተመለሰ፣ ለጋሽዬ እጅ ነስቶ፣ ከ8 ዓመት በታች ግን አሁንም አላሳይም ብሎ ዘጋ። ለ14ኛዋ አንድ ቃል አልመለሰም፣ እሷም ዝም።

17ኛ ላይ አንዷ የልጇን ጥያቄ አመጣች። መጨረሻ አካባቢ ራቲጋን በፔዳል በሚሄደው አየር መርከብ ሲሸሽ ክብደት ለመቀነስ ብሎ ፊጀትን ገፍትሮ ወንዙ ላይ ይጥለዋል፣ ክንፉ የተጎዳ ስለሆነ መብረር አይችልም። እና ልጇ ሞተ ወይ ብሎ ሌሊቱን ጠየቃት። ፊልሙ አይናገርም። 18ኛዋ እሱኑ ጥያቄ ይዛ ሌላ ቦታ ወሰደችው፣ ይሄኛው ለኔ ከሲጋራው ሁሉ የበለጠ ነው። ልጇ በብረት ድጋፍ ነው የሚራመደው፣ ፊጀት ደሞ አንድ እግሩ እንጨት፣ አንድ ክንፉ ሰባራ፣ እና ክፉ። ልጁ እንጨት እግሩን እያየ ለምን መጥፎ ሰው ሁሌ ያነክሳል ብሏት መልስ አጥታለች። አንዱ ከሥሯ የድሮ ፊልም ሁሉ እንደዛ ነው አለ፣ ያ መልስ አይደለም ወንድሜ። ጋሽዬም እዚህ ላይ ምንም አላሉም። እኔም ብሆን የማዝነው ፊጀት ፊልሙ ውስጥ ፍርሃት ያለበት ብቸኛ ወንበዴ ስለሆነ ነው፣ ድመቷንም አለቃውንም እየፈራ ነው የሚሠራው፣ ለልጁ ቢያንስ ይሄን ማሳየት ይቻላል። ሌላ የተሻለ ያለው ካለ ይጻፍላት።

19ኛው ከለንደን ነው፣ ሰዓቱ ማማ ከ2012 ጀምሮ ኤልሳቤጥ ታወር እንደሚባል፣ ቢግ ቤን ደወሉ ብቻ እንደሆነ አረመን፣ ታሪኩ የሚፈጸመው በ1897 የንግሥት ቪክቶሪያ 60ኛ ዓመት በዓል ላይ መሆኑንም ጨመረ። ቪክቶሪያ የሚለው ስም ሲነሳ በቃ ክሩ አገር ቤት ገባ። 20ኛው ልዑል ዓለማየሁን አመጣ፣ መቅደላን፣ በ1879 እንግሊዝ አገር አርፎ ዊንድሰር መቀበሩን፣ በ2023 አጽሙ ይመለስልን ሲባል ቤተ መንግሥቱ እምቢ ማለቱን። በካርቱን ላይ ንግሥቲቷን ከራቲጋን አድኑ እያልን ከልጆች ጋ ስናጨበጭብ ትንሽ ይከብደኛል ነው ያለው። 21ኛዋ ግን ጭራሽ ያልጠበቅኩትን አመጣች። ፊልሙ ላይ የማርሽ ንግሥቷ የምትናገረው ተገድዶ በሚናገርላት በኦሊቪያ አባት ድምፅ ነው አይደል፣ እውነተኛዋ ቪክቶሪያም በ1898 ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምጿን በፎኖግራፍ ቀድታ ልካላቸዋለች፣ ከተሰማ በኋላም ቅጂው እንዲጠፋ ተደርጓል፣ እነሱም በድምፅ መልሰውላታል። ከበዓሉ 1 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ይሄን ለትልቋ ስነግራት ወጥመዱ ላይ ያለውን ሸክላ አስታውሳ ምኒልክ ጋ የተላከው ወጥመድ ነበረው ወይ አለችኝ። ያስብላል።

22ኛው ስለ አይጥ ፊልም ሊያነብ መጥቶ መቅደላ መድረሱ አናዶት የታሪክ ገጽ ሌላ ቦታ አለ፣ እዛ ሂዱ አለ። 23ኛው ማንም ያስገደደህ የለም፣ አልፈህ አንብብ አለው። 24ኛዋ ይሄን ሁሉ ዘላ የት ነው የሚገኘው ብላ ጠየቀች፣ ዲስኒ ፕላስ ላይ አለ፣ 74 ደቂቃ ስለሆነ ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት ያልቃል።

25ኛው ለባለቤቴ ነው የጻፈው። ማን ነው የሚለው የሚደበቅበት የቤተሰብ ካርቱን ከፈለግሽ ከ2005ቱ የዋላስና ግሮሚት ፊልም የተሻለ የለም አላት፣ ኒክ ፓርክና ስቲቭ ቦክስ የሠሩት፣ ከጭቃ ነው፣ ኦስካርም በልቷል። ሰፈሩ በሙሉ ለግዙፍ አትክልት ውድድር ሲዘጋጅ ሌሊት ሌሊት አንድ ነገር እየመጣ ጎመኑን ይጨርሰዋል። እስከዚህ ጥሩ ነበር፣ ከዛ ግን ማን እንደሆነ እዛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነገራት። እኔ አልደግመውም። 26ኛ፣ 27ኛና 28ኛ ሦስቱም ስድብ ናቸው፣ 26ኛው የባለቤቴ ነው። 25ኛው 20 ዓመት ያለፈው ፊልም ምን ምስጢር አለው ብሎ ተከራከረ፣ እሷ ግን ላላየ ሰው ዛሬ የወጣ ነው ብላ ዘጋችው።

29ኛ ላይ 12ኛው አባት ብቅ ብሎ እዛኛው ላይስ የሚጨስ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። 30ኛዋ ጠመንጃ የያዘ አዳኝ አለ፣ ብዙ ካሮት አለ፣ ከሁሉም በላይ ደሞ አይብ አለ አለችው። እስካሁን አልመለሰም።